የስኮትላንድን የሃይላንድ ጨዋታዎች በዳኛ ዓይን ማየት፦ ከጉዞ ዝግጅት እስከ ማታው ጭፈራ የሚዘልቅ ዝርዝር መመሪያ

በስኮትላንድ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንዱ ከተማ ወይም መንደር ሜዳውን በገመድ ከልሎ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ የሃይላንድ ጨዋታዎች የተባለውን በዓል ያከብራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሜዳ የተገኘ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ከደስታ በፊት ግራ መጋባት ይቀድመዋል፤ በአንደኛው ጥግ ሽንሽን ጉርድ የታጠቀ ግዙፍ ሰው የዛፍ ግንድ ያነሣል፣ በሌላው ጥግ ልጃገረዶች በእንጨት መድረክ ላይ ይጨፍራሉ፣ በመካከሉ ሯጮች ይሽቀዳደማሉ፣ ከዳር ደግሞ አንድ ብቸኛ ሰው ባግፓይፕ የተባለውን ከረጢትና ቱቦዎች ያሉት የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ ይዞ ቀስ እያለ ይመላለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ጊዜ ነው፤ በድምፅ ማጉያ የሚነገረውም አስቀድሞ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው እንጂ ለእንግዳ የተዘጋጀ አይደለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በብሪታንያ ለሚኖሩ ወይም ለጉብኝት ለሚሄዱ አንባቢዎች ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመክረው ተወዳዳሪውን ብቻ ሳይሆን ዳኛውንም እንዲመለከቱ ነው። እያንዳንዱ ውድድር ዳኛው የሚፈልገው የራሱ ነገር አለው፤ ያንን ያወቀ ተመልካች ትርምስ የመሰለው ሜዳ እያንዳንዱ ጥግ የየራሱ ሕግ ያለው ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሚሄዱበትን ጨዋታ ይምረጡ

በየዓመቱ የሚካሄዱት ጨዋታዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ስለሆኑ የመጀመሪያው ሥራ ምን ማየት እንደሚፈልጉ መወሰን ነው። ስሙ ከሁሉ የገነነው በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ በብሬማር መንደር የሚደረገው ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1848 ከተገኙበት ጊዜ ወዲህ የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላት የበጋ ማረፊያቸው ከሆነው ከባልሞራል እየመጡ ሲታደሙበት ኖረዋል። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ብሬማርን አልመክርም። ትኬቱ አስቀድሞ መገዛት አለበት፤ በመንደሩ የባቡር ጣቢያ ስለሌለ ከአበርዲን 90 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወይም በመኪና መጓዝ ያስፈልጋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የንጉሡ መኪና ሲመጣ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ክብር ሰገነቱ ይዞራል፣ በዚያች ሰዓት ግንድ የሚወረውር ሰው ቢኖር የሚያየው የራሱ ዳኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው በሴፕቴምበር ሁለተኛ ቅዳሜ የሚደረገው የፒትሎክሪ ጨዋታ ነው። ከተማው ከኤድንብራና ከግላስጎ ወደ ኢንቨርነስ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ስለሚገኝ ከሁለቱም ከተሞች በሁለት ሰዓት ገደማ ይደረሳል፤ ከባድ ውርወራው፣ ሩጫው፣ ጭፈራውና የባግፓይፕ ባንዱም ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ለአበሻ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ምቾት አለው፤ ቀኑ ዘወትር የሚውለው ከጳጉሜ 3 እስከ መስከረም መጀመሪያ ቀናት ድረስ ባለው ጊዜ ስለሆነ የእንቁጣጣሽ ሰሞን መዝናኛ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ፍላጎትዎ ጭፈራ ከሆነ በኦገስት መጨረሻ በደኑን ከተማ ወደሚካሄደው የካወል ጨዋታ ይሂዱ፤ የዓለም የሃይላንድ ጭፈራ ሻምፒዮና የሚደረገው በዚያ ነው። መንገዱም ራሱ ያስደስታል፣ ከግላስጎ ወደ ጉሮክ በባቡር፣ ከጉሮክ ደግሞ የክላይድን ወሽመጥ በጀልባ ማቋረጥ ነው። የባግፓይፕ ባንድ ብቻ ለመስማት የሚፈልግ ሰው በኦገስት አጋማሽ በግላስጎ ግሪን መናፈሻ የሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ይበቃዋል። የመንደር ጨዋታ ማየት የሚሻ ደግሞ በጁን የመጨረሻ ቅዳሜ በፋይፍ አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ሲረስ ይሂድ፤ የመንደሩ ሰዎች ጨዋታቸው ከ1314ቱ የባኖክበርን ጦርነት ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነው ብለው ይናገራሉ።

በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎችም አልራቀባቸውም። በካሊፎርኒያ የሳን ፍራንሲስኮ ካሌዶኒያን ክለብ ከ1866 ጀምሮ ጨዋታ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ በሰሜን ካሮላይና ደግሞ በ1956 የተጀመረው የግራንድፋዘር ማውንቴን ጨዋታ በጁላይ ወር በተራራው ግርጌ ይካሄዳል። የአሜሪካኖቹ ልዩ መልክ የጎሣ ድንኳኖቻቸው ናቸው፤ ማክዶናልድ፣ ካምቤል፣ ማክሬ እየተባሉ በተደረደሩት ድንኳኖች ውስጥ ሰዎች የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ሐረግ ሲቆጥሩ ይውላሉ። በስኮትላንድ ግን ጨዋታው በዋናነት የአካባቢው ሕዝብ በዓል ነው።

2. ልብስና ስንቅ ያዘጋጁ

የስኮትላንድ በጋ የሚታመን አይደለም፤ ጠዋት ፀሐይ ያቃጠለው ሜዳ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሊሆን ስለሚችል የዝናብ ልብስ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማና አንድ ሹራብ ይያዙ። ጃንጥላ ከኋላዎ የተቀመጠውን ሰው ስለሚጋርድና ነፋሱም ስለሚገለብጠው ባይወስዱት ይሻላል። ነፋስ በሌለበትና እርጥበት ባለበት ቀን ሚጅ የተባለ ዓይን የማይሞላ ተናካሽ ነፍሳት በደመና ይወጣል፤ በምዕራቡ ወገን የሚሄድ ሰው የነፍሳት መከላከያ ቅባት ሳይይዝ ባይሄድ መልካም ነው። በትንንሾቹ ጨዋታዎች መቀመጫ ስለማይበቃ የሚታጠፍ ወንበር ወይም ወፍራም ምንጣፍ መያዝ የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ቦታ በሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሊጠየቅ ስለሚችል ጥቂት የወረቀት ፓውንድ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ኪልት የሚባለውን ጉርድ መልበስ ግዴታ አይደለም፤ ብዙው ተመልካች በተራ ልብስ ይመጣል። ለመልበስ የወደደ እንግዳ ግን የሚያስቀይመው ሰው የለም፣ ብላክ ዋች እና ሮያል ስቱዋርት የተባሉትን የታርታን (የኪልቱ ባለ መስቀለኛ መስመር ጨርቅ) ቀለማት ማንም ይለብሳቸዋል፣ የሚከራይባቸው ሱቆችም በየከተማው አሉ። ሽንሽኑ ወደ ኋላ፣ ልሙጡ ወደ ፊት፣ መርፌ ቁልፉ በቀኝ በኩል መሆኑን አይርሱ። የለበሰን ሰው ከሥር ምን እንዳለ መጠየቅ እነሱን ያሰለቸ ቀልድ ነው። የራስዎን የአገር ልብስ ለብሰው ቢሄዱም ደስ ይላቸዋል፤ ነጭ የአበሻ ቀሚስ ግን ለጭቃ ሜዳ አይመከርም።

ስለ ምግቡ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ሀጊስ የሚባለው ዝነኛ ምግብ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃ፣ ከሽንኩርት፣ ከሞራና ከቅመም ጋር ተደባልቆ በጥንቱ ወግ በበግ ጨጓራ ውስጥ የሚቀቀል ነው። ዱለት የለመደ ሰው ሊፈራው አይገባም፤ ሚጥሚጣ የሌለው፣ አጃ የበዛበት ሩቅ ዘመዱ ነው። ሙስሊም አንባቢዎች በድንኳኑ ላይ ሐላል ተብሎ ካልተጻፈ በቀር እንዳልሆነ ይቁጠሩት። ለኦርቶዶክሳውያን ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ማየት ይበጃል፤ የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል በዚያ መካከል የሚደረጉት የባላተርና የግላስጎ ግሪን ዝግጅቶች በጾም ይገናኛሉ፣ የካወልና የብሬማር ግን ከጾሙ በኋላ ናቸው። ከምስርና ከባቄላ የሚሠራ ሥጋ የሌለው ሀጊስ አለ፤ ይሁን እንጂ ሾርትብሬድ የተባለው ብስኩት ዋና ግብዓቱ ቅቤ ነው፣ ታብሌት የተባለው ጣፋጭም ወተት አለው፣ ድንች ጥብሱንም አንዳንድ ሻጮች በከብት ሞራ ስለሚጠብሱት ሳይጠይቁ አይግዙ። በጾም ቀን ከቤት የተቋጠረ ስንቅ ከሁሉም ይሻላል።

መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ሕጉን ይወቅ፤ በስኮትላንድ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሲሠራበት ከኖረው ከ80ው ያነሰ ነው። በውስኪ ድንኳኑ ደጃፍ የሚቀርበውን አንዲት ቅምሻ እንደ ቀልድ ማየት አይገባም።

3. በጠዋት ይድረሱ፣ ፕሮግራሙን ይግዙ

ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው ከምሳ በኋላ በመድረስ ነው፤ ለጆሮ የሚሆነው ምርጡ ነገር፣ ማለትም የነጠላ የባግፓይፕ ውድድር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በማለዳ፣ ሜዳው ገና ባዶ ሳለ ነው። እንደገቡ በበሩ ላይ የሚሸጠውን ፕሮግራም ይግዙ። በውስጡ የተወዳዳሪዎች ስምና ቁጥር ተዘርዝሯል፤ ቁጥሩ በልብሳቸው ላይ ስለሚለጠፍ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።

ከዚያ ሜዳውን አንድ ጊዜ በዙሪያው ይዙሩት። የሩጫው መስመር በሣሩ ላይ በነጭ ቀለም ተሰምሮ ዳር ዳሩን ይከብባል፣ ውርወራው በመካከል ነው፣ የጭፈራው መድረክ በአንድ ወገን ይገኛል። የሚቀመጡበትን ቦታ ሲመርጡ መመዘኛዎ ኬበር የተባለው የግንድ ውርወራ የት እንደሚደረግ ይሁን፤ ሌላውን ሁሉ ተነሥተው ሄደው ሊያዩት ይችላሉ፣ ግንዱን ግን ከወርዋሪው ጀርባ በኩል ካልሆነ በትክክል ሊፈርዱበት አይችሉም። ገመዱን አልፎ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሰባት ኪሎ የሚመዝን መዶሻ አቅጣጫውን ሲስት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

4. ከባዶቹን ውርወራዎች ይከታተሉ

ይህ የቀኑ ዋና ክፍል ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ውርወራዎቹ አንድ በአንድ የሚደረጉ ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ ግን ያው ናቸው፤ ጠዋት አሎሎ የወረወረው ሰው ከሰዓት በኋላ ግንድ ያነሣል፣ በማግስቱ ደግሞ በሌላ መንደር ሜዳ ላይ ይገኛል። ሁሉም ኪልት መልበስ ግዴታቸው ነው።

የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ በአሎሎ ነው። በኦሊምፒክ እንደምናውቀው ብረት ሳይሆን ከወንዝ የወጣ እውነተኛ ድንጋይ ነው፣ ስለዚህ ቅርጹ እንደየመንደሩ ይለያያል፤ ቀላሉ 16 ፓውንድ፣ ማለትም 7.26 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ብሬማር በተባለው ስልት ወርዋሪው ሳይንደረደር ቆሞ ስለሚወረውር ድንጋዩም ከበድ ይላል፣ 28 ፓውንድ ወይም 12.7 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ የዳኛው ዓይን ከእንጨቱ መቆሚያ ላይ አይነሣም፤ እግር ካለፈ ውርወራው ከንቱ ነው።

የመዶሻው ውርወራ ከኦሊምፒኩ የሚለይበት ምክንያት በዓይን ይታያል። የስኮትላንዱ መዶሻ ሰንሰለት ሳይሆን ረጅም እጀታ አለው፣ ወርዋሪውም አይሽከረከርም፤ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ከጫማው ጫፍ በወጣ ስለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ መዶሻውን በራሱ ዙሪያ አዙሮ አዙሮ በትከሻው ላይ ይለቀዋል። ክብደቱ 16 ወይም 22 ፓውንድ ነው። የሰውየው እግር እንደ ምሰሶ ተተክሎ የላይኛው አካሉ ብቻ ሲጎማለል ካዩ ጥሩ ወርዋሪ መሆኑን ውጤቱ ሳይነገር ይረዱታል።

ቀጥሎ ቀለበት የተበጀለት ክብደት በአንድ እጅ የሚወረወርበት ይመጣል። ለርቀት ሲሆን 28 ወይም 56 ፓውንድ ይሆንና ወርዋሪው ይሽከረከርበታል። ለከፍታ ሲሆን ግን 56 ፓውንዱን፣ ማለትም 25.4 ኪሎ ግራም፣ በአንድ እጁ ከእግሮቹ መካከል አወዛውዞ፣ ቀና ብሎ ሳያይ፣ ከራሱ በላይ ባለ አግዳሚ ዘንግ ያሳልፈዋል። ብርቱዎቹ ከ4 ሜትር በላይ ያሳልፉታል። በየከፍታው ሦስት ዕድል አለው፤ ያላለፈው ክብደት ቀጥ ብሎ ወደ ተወረወረበት ይመለሳል፣ ስለዚህ ከውርወራው ይልቅ ውርወራው ከከሸፈ በኋላ ያለችውን የሽሽት ቅጽበት የሚወድ ተመልካች ብዙ ነው። በአሜሪካ ጨዋታዎች ደግሞ ነዶ የሚመስል የታጨቀ ከረጢት በመንሽ ወግቶ ከዘንግ በላይ መወርወር አለ፤ አውድማ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ኬበር ነው። የሃይላንድ ነባር ቋንቋ በሆነው በጌሊክ ቃሉ የጣሪያ ወራጅን ያመለክታል፤ ነገሩም ቅርፊቱ የተላጠ፣ በአንድ ጫፉ ቀጠን ያለ ግንድ ነው፣ የተለመደው ስድስት ሜትር ገደማ ርዝመትና ወደ 80 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት አለው። ረዳቶች ወፍራሙን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው ያቆሙለታል፤ ወርዋሪው ተንበርክኮ ጣቶቹን ከቀጭኑ ጫፍ ሥር ያቆላልፋል፣ ግንዱን በትከሻው ላይ አስደግፎ ይነሣል፣ ሚዛኑን ፈልጎ ጥቂት እርምጃ ይሮጣል፣ ከዚያም ድንገት ቆሞ ሽቅብ ይወነጭፈዋል። ወፍራሙ ጫፍ ፊት ለፊት መሬት መምታት፣ በእጁ የነበረው ቀጭኑ ጫፍ ደግሞ ሽቅብ ተነሥቶ ከወርዋሪው ራቅ ወዳለው ወገን መገልበጥ አለበት።

ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኬበር የሚለካው በርቀት አይደለም። ዳኛው ወርዋሪውን ከኋላው እየተከተለ ሜዳውን እንደ ሰዓት ገጽ አድርጎ ያየዋል። ወርዋሪው በታችኛው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ የተገለበጠው ግንድ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ከጠቆመ ‘አሥራ ሁለት ሰዓት’ ይባላል፣ ያም ፍጹም ውርወራ ነው። እኛ ያንን የሰዓት ዘንግ ስድስት ብለን ብንጠራውም የሚያመለክተው ያው ሽቅብ ነው። ወደ አሥራ አንድ ወይም ወደ አንድ ያዘነበለ ከዚያ ያንሳል። ሳይገለበጥ ወደ ወርዋሪው የተመለሰ ግንድ ደግሞ ምን ያህል ዲግሪ ቀና እንዳለ በጎን በኩል ይገመታል፣ ነገር ግን ምንም ያህል ቢጠጋ ከተገለበጠው አይበልጥም። በጥንቱ ልማድ ማንም ሊገለብጠው ያልቻለ ኬበር ጫፉ በመጋዝ ይቀነሳል፤ አንድ ጊዜ የተገለበጠ ግን ዳግመኛ አይቆረጥም።

የእነዚህን ሰዎች ጉልበት ለመገመት ከ1837 እስከ 1916 የኖረውን ዶናልድ ዲኒን ማስታወስ ይቻላል። በ1860 በዲ ወንዝ ላይ ባለው የፖታርክ ድልድይ ሁለት ቀለበት ያላቸውን ድንጋዮች በሁለት እጁ ይዞ እንደተሻገረ ይነገራል። የድንጋዮቹ ክብደት ተደምሮ 332 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ዛሬም በዚያው በፖታርክ ስለሚገኙ እስከ ዛሬ ድረስ ከሩቅ አገር እየመጡ ለማንሣት የሚሞክሩ አሉ።

ገመድ ጉተታም ሳይታይ አይታለፍም። በእያንዳንዱ ወገን ስምንት ሰዎች ይቆማሉ፤ ከ1900 እስከ 1920 ድረስ የኦሊምፒክ ስፖርት እንደነበረ ስንቱ ያውቃል? ሲመለከቱ ገመዱን ትተው እግራቸውን ይዩ፤ የሚያሸንፈው ወገን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ሳይስብ ተረከዙን ተክሎ የሚጠብቀው ነው።

5. ሩጫውን የሚያዩበትን ዓይን ይቀይሩ

ሩጫ የሚወድ ኢትዮጵያዊ በዚህ ሜዳ ላይ የሚያየው መጀመሪያ ያስቆጣዋል፤ ሯጮቹ ከአንድ መስመር አይነሡም። ውድድሩ በማካካሻ የሚካሄድ ነው፣ ይኸውም አወዳዳሪው የእያንዳንዱን ሯጭ የቀድሞ ውጤት አይቶ ለደካማው ብዙ ሜትር ቀድሞ እንዲነሣ ይፈቅድለታል፣ ብርቱው ግን ከኋላ መስመር ይነሣል። ጥሩ አወዳዳሪ የሚባለው ሁሉም በአንድ ላይ መጨረሻው መስመር ላይ እንዲደርሱ አድርጎ ያካካሰ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መሪ ይተዉትና ዓይንዎን ከመጨረሻው ሯጭ ላይ ያኑሩ፤ የቀነኒሳን የመጨረሻ ዙር እያየ ያደገ ተመልካች በየሩጫው እሱን የመሰለ ትዕይንት ያገኛል።

ከዚህ ሌላ የተራራ ሩጫ አለ። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ማልኮም ሦስተኛ ፈጣን መልእክተኛ ለመምረጥ በብሬማር አጠገብ ያለውን ኮረብታ ሰዎችን አሯርጦ እንደነበረ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በግራንድፋዘር ማውንቴንም አምስት ማይል ሽቅብ የሚሮጥበት ‘ድቡ’ የተባለ ውድድር አለ። በበርካታ መንደሮች የልጆች ሩጫ ስለሚኖር ልጆች ይዘው የሄዱ እንደሆነ በጸሐፊው ድንኳን ጠይቀው ያስመዝግቧቸው።

6. በጭፈራው መድረክ አጠገብ ይቁሙ

የእኛ እስክስታ በትከሻ እንደሚነገር የእነሱ ጭፈራ በእግር ጣት ይነገራል፤ ስለዚህ ከሩቅ ሲያዩት ተመሳሳይ ዝላይ ብቻ ይመስላል። ቀርበው ይቁሙ። ሦስት ወይም አራት ጨፋሪዎች አንድ ላይ ወጥተው፣ በአንድ ባግፓይፕ ዜማ፣ ያንኑ ጭፈራ ይጨፍራሉ፤ ዳኛው ግን ለየብቻ ነጥብ ይሰጣቸዋል። የሚመዝነው የእግሩ ጣት በትክክለኛው ቦታ ማረፉን፣ ከምቱ አለመውጣቱን፣ የእጁንና የራሱን አያያዝ ነው።

ሃይላንድ ፍሊንግ በአንድ ቦታ ላይ ተቁሞ የሚዘለል ሲሆን፣ ጨፋሪው ከተነሣበት ነጥብ ከተንሸራተተ ለዓይን ይታወቃል። በጎራዴው ጭፈራ ሁለት ጎራዴዎች በመስቀል ቅርጽ መሬት ላይ ይነጠፋሉ፤ ጨፋሪው በየማዕዘኑ ሲረግጥ ጎራዴውን ከቦታው ካንቀሳቀሰው ከውድድሩ ይወጣል። ሦስተኛው ሻን ትሩስ ይባላል፣ በጌሊክ ‘አሮጌ ሱሪ’ ማለት ነው። ትርጉሙን ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሃይላንድ አማፅያን በኤፕሪል 1746 በካሎደን ሜዳ ከተሸነፉ በኋላ ወንዶች የሃይላንድ ልብስ እንዳይለብሱ የሚከለክል ሕግ ወጣ፣ ክልከላው እስከ 1782 ጸንቶ ኖረ። በጭፈራው መጀመሪያ ላይ እግርን እያራገፉ የሚሄዱት እርምጃዎች በግድ የለበሱትን ሱሪ አውልቆ መጣልን ያመለክታሉ ይባላል፤ ጨፋሪዋ እጇን ስታጨበጭብ ዜማው ይፈጥናል፣ ነፃነቱም ያኔ ነው።

እዚህ ላይ በሜዳው የሚሰሙትን ሁለት ተረቶች ማረም ይገባል። ያ ሕግ ባግፓይፕን ከለከለ የሚባለው ስሕተት ነው፤ በሕጉ ጽሑፍ ውስጥ ባግፓይፕ አልተጠቀሰም። እያንዳንዱ ጎሣ ከጥንት ጀምሮ የየራሱ ታርታን ነበረው የሚባለውም እንዲሁ ነው። ይህ ሥርዓት በአብዛኛው የተስፋፋው ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንብራን በጎበኙበት፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት አቀባበሉን ባዘጋጀበት ሰሞንና ከዚያ በኋላ ነው። ለሚያምር ልብስ ግን ሁለት መቶ ዓመት ትንሽ ዕድሜ አይደለም።

7. ባግፓይፕን መስማት ይማሩ

የመሣሪያው አሠራር ከገባዎት ሙዚቃው ይገባዎታል። ተጫዋቹ በአንድ ቱቦ ወደ ከረጢቱ ይነፋል፣ ከረጢቱን በክንዱ ይጫናል፤ በትከሻው ላይ የቆሙት ሦስት ቱቦዎች ያለማቋረጥ አንድ የማይለወጥ ድምፅ ይሰጣሉ፣ በጣቱ የሚጫወትበት ቻንተር ደግሞ ዘጠኝ ድምፆች ብቻ አሉት። አየሩ ስለማይቋረጥ ድምፁ አያርፍም፣ ከፍ ዝቅም አይልም። ታዲያ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም እንዴት ይለያል? በመካከሉ እንደ ብልጭታ በሚያልፉ ጥቃቅን ማጌጫ ድምፆች ነው። ዳኛው በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የሚጽፈው በአብዛኛው የእነዚህን ጥራት ነው።

በነጠላ ውድድር ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ይሰማሉ። ትንሹ የሰልፍና የጭፈራ ዜማ ነው፣ ለማንም ጆሮ ቅርብ ነው። ትልቁ ፒብሮክ ይባላል፤ ‘ወለል’ በሚሉት ዘገምተኛ መሠረታዊ ዜማ ይጀምርና፣ በዚያው ዜማ ላይ ማጌጫው እየተደራረበ፣ ጣት እየፈጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻ ወደ ወለሉ ይመለሳል። አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ብዙ ሰው በመካከሉ ይነሣል፤ እርስዎ ግን የመጀመሪያውን ወለል በልብዎ ይያዙትና ሲመለስ ይጠብቁት።

ባንድ ሲሆን ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው፣ ለተመልካቹ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ ንቀት አይደለም፣ እርስ በርስ ለመተያየት ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች አራት ዳኞች በዙሪያቸው ይመላለሳሉ፦ ሁለቱ ለባግፓይፕ፣ አንዱ ለከበሮ፣ አንዱ ለአጠቃላይ ቅንጅቱ። ለጀማሪ ጆሮ ሁለት ቦታዎች ይበቃሉ፤ መጀመሪያውና መጨረሻው። ከከበሮው ጥቅልል በኋላ ሁሉም ቱቦዎች እንደ አንድ ሰው መነሣት አለባቸው፣ ሲያበቁም አንዲት ቱቦ ለብቻዋ እየጮኸች መቅረት የለባትም። የተሰበሰቡት ባንዶች ሁሉ ተቀላቅለው ሜዳውን የሚያቋርጡበት ሰልፍ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ወይም በመዝጊያው ላይ ስለሚሆን ሰዓቱን ከፕሮግራሙ ይያዙ፤ ሕፃን ያለዎት እንደሆነ የጆሮ መከላከያ አይርሱ።

8. ለማታው ጭፈራ ይቆዩ

ብዙ መንደሮች ማታ በአዳራሽ ኬይሊ የተባለ ጭፈራ ያዘጋጃሉ። ባንዱ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ይዞ ይቀመጣል፣ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ እርምጃውን አስቀድሞ ያስረዳል፤ አለማወቅ አያሳፍርም፣ ማንም እንግዳ ተጋብዞ ይነሣል። ጌይ ጎርደንስ በጥንድ በጥንድ ሆኖ ወደ ፊት አራት፣ ወደ ኋላ አራት እርምጃ ስለሆነ በእሱ ይጀምሩ። ዳሺንግ ዋይት ሳርጀንት ሦስት ሰዎች ከሦስት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ቆመው የሚጨፍሩት ነው፤ በየዙሩ አዲስ ሦስት ሰው ስለሚገጥምዎ ከመንደሩ ሁሉ ጋር ያስተዋውቃል። ስትሪፕ ዘ ዊሎው በየተራው ክንድ እየተያያዙ የሚሽከረከሩበት ፈጣን ጭፈራ ነው፤ ክርን ተቆላልፎ ካልተያዘ ሰው ይወድቃል፣ ስለዚህ ለእሱ ሲነሡ መነጽርና የአንገት ጌጥ አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ቢተዉ ይሻላል።

የመጨረሻው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ በ1788 ጽፎ የላከው የጥንት ወዳጅነት መዝሙር፣ ‘ኦልድ ላንግ ሳይን’። ይህ ዜማ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ የማይሆንበት ምክንያት አለው፤ የተሠራው በአምስት ድምፆች ብቻ ነው፣ እነሱም የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስቱ ድምፆች ናቸው። ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቆማል። ብዙ እንግዳ ገና ሲጀመር እጁን በደረቱ ላይ ያጣምራል፣ ይህ ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያ ግራና ቀኝ ያለውን ሰው እጅ ክንድዎን ሳያጣምሩ ይያዙ፣ የመጨረሻው ስንኝ ስለ እጅ መሰጣጣት ሲናገር ብቻ ክንድዎን አጣምረው የጎረቤትዎን እጅ ይጨብጡ፣ ከዚያም ክቡ ወደ መሃል ሲሮጥ አብረው ይሩጡ። የመጨረሻው ባቡር ወይም ጀልባ የሚነሣበትን ሰዓት ግን ጭፈራው ሳይጀመር ጠይቀው ይወቁ።